ከቃሊቲ እስከ አሞራ ገደል፤ «ስኳር» ያለበት መንገደኛ ቁርሱን ምን ይብላ?

«ስማ፣ ቁርስ የት ነው የምንበላው?»

ውድ አንባብያን፣ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ገና ቃሊቲ መናኸሪያ ሳለ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው። የመኪናው ጎማ አልቆ እንደሆነ፣ ሾፌሩ እንቅልፍ ጠግቦ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቁርስ! ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥን፣ አንድ ዓይናችንን ሳንገልጥ የምናስበው ሞጆ ላይ የሚቀርብልንን ጨጨብሳ ነው። መቼም መንገድ ሆድ ያስከፍታል። እቤቱ በደረቅ ዳቦና በሻይ ውልቅ የሚል ሰው፣ መኪና ላይ ሲወጣ የሦስት ሰው ይበላል።

አንድ ወዳጄ ግን ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሆዱን ቁርጠት ይይዘዋል። ስሙ ይቆየን። ዕድሜው 31፣ ሸንቃጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የሚራገጥ ጎረምሳ ነው። ባለፈው ዓመት ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ሲያደርግ በባዶ ሆድ የተለካው ደሙ 214 አሳየ። በባዶ ሆድ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ሲለካም ያው ከሆነ ሐኪሞች «ስኳር አለብህ» ይላሉ። በድጋሚ ተለካ፤ ያው ሆነ። «ስኳር የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች ጻፈለት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እጮኛው ሐዋሳ ናት። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይሄዳል። የባሰው ችግር ደግሞ አልነገራትም። «ሽማግሌ ልልክ ስል በሽተኛ ነኝ ልበላት?» ይለኛል። እኔ ሥራዬ ወደዚያው ስለሚወስደኝ ሦስት ጊዜ አብሬው ተጉዣለሁ። ይህን የምጽፈውም ከእነዚያ ሦስት መንገዶች ባየሁት ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ እንዲህ ነበር። ፈጣን መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። (ከሞጆ ወደ ባቱ በተዘረጋው ፈጣን መንገድ የሚበር ሰው ጊዜ ያተርፋል፤ አለምጤናንና መቂን ግን በሩቁ ነው የሚያልፋቸው። ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ አይሆንም!) ሞጆ ስንደርስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቁርስ ቤቱ ሞልቷል። ቅቤና በርበሬ የጠገበ ጨጨብሳ፣ ጎኑ ማር፣ አጠገቡ ማኪያቶ። ወዳጄ አየኝ፤ አየሁት። «አንድ ቀን ምን ያመጣል?» አለና ገባበት። ማኪያቶው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረ። ከመኪናው የወረዱት ተሳፋሪዎች ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ እሱ ብቻውን ምን ይሁን?

ባቱ (ያው የጥንቷ ዝዋይ) ስንደርስ ሽንት ቤት ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። የኪስ መለኪያውን በድብቅ አውጥቶ ጣቱን ወግቶ ኖሯል። 297! ከምግብ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሰዓት ላይ ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚመከረው ከ180 በታች ነው። ከዚያ እስከ ሐዋሳ «ውኃ፣ ውኃ» ሲል፣ «ሾፌር፣ እባክህ አንዴ አቁምልኝ» ሲል ቀኑ አለቀ። የሚገርመው፣ ያኔም እጮኛው እናት ቤት ሲደርስ ምን ተዘርግቶ ቆየው? ጨጨብሳ! ለሙሽራ ዕጩ የሚገባ፣ ማር የሚንጠባጠብበት። በላ። ምን ያድርግ? «በሞቴ» ተብሏላ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጥቂት እንነጋገር። ለምንድነው ጠዋት የበላነው እንዲህ የሚያሻቅበው? ሰውነታችን ሊነጋጋ ሲል የሚያነቃውን ሆርሞን ይለቃል፤ ጉበት ደግሞ ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይረጫል። ጤነኛ ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን አመንጭቶ ያስተካክለዋል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ምንም ሳይበላ እንኳ ደሙ ጣፋጭ ሆኖ ይነሣል። በዚያ ላይ ጨጨብሳ ሲጨመርበት አስቡት፤ ስንዴ ዱቄት ነው፣ ማሩ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያው ብቻ 17 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ሦስቱ የሻይ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚያ ምን ይከተላል? መኪና ላይ አራት ሰዓት ቁጭ! እቤቱ ቢሆን ቢያንስ ታክሲ ሊይዝ ይሮጥ ነበር።

የመንገድ ቁርሳችን ሁሉ የተሠራው ከዱቄት ነው ብል አልዋሸሁም። ጨጨብሳው ዱቄት። ፈጢራው ዱቄት፣ ያውም ማር ተደርጎበት። ቦምቦሊኖና ፓስቲ ዱቄት በዘይት። ቅንጬውም ያው እህል ነው። እንጀራ ፍርፍር «ጤፍ እኮ ነው፣ ብረት አለው» ተብሎ ይሞገስለታል፤ ብረትስ አለው፣ ግን እሱም ዱቄት ነው። ፍርፍር በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እንጀራን በእንጀራ!

ሁለተኛው ጉዞ የመጀመሪያው ተቃራኒ ሆነ። ወዳጄ ቆርጦ ተነሣ። «ቁርስ አልበላም፤ ጉዳዩ አለቀ» አለ። ጀግና! ኪኒኑን ግን እንደ ልማዱ 12 ሰዓት ላይ በውኃ ዋጠ። ሞጆ ላይ እኛ ስንበላ እሱ ውጭ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። መቂ አለፍን፤ ባቱን አለፍን። አዳሚ ቱሉን አልፈን ወደ ቡልቡላ ስንቃረብ ከጎኔ ዝም ብሎ የነበረው ሰው ድንገት ከረዳቱ ጋር ጠብ ጀመረ። «ለምን መስኮቱን ዘጋኸው?» ይላል። መስኮቱ ክፍት ነው! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሞኙ መኪና አዙሮት ይሆናል ብዬ ፌስታል ፍለጋ ያዝኩ።

ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አወቁት። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ስኳር አለበት?» አሉኝ። ምን ልበል? ምስጢር ነው። ደግሞ ሲጠይቁኝ ምስጢሩን ጥዬ «አዎ፣ እማማ» አልኩ። «በል ቶሎ የሚጣፍጥ ስጠው! ባሌም እንዲሁ ነበር የሚሆነው» አሉና ከዘንቢላቸው ለስላሳ አወጡ። ለልጅ ልጃቸው የያዙት ነበር። ግማሹን አጠጣነው። መለኪያውን ከኪሱ አውጥቼ ጣቱን ስወጋው 51 አለ። ከ70 በታች ሲወርድ አደጋ ነው፤ ከዚህም ቢወርድ ሰውየው ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊያንፈራግጠውም ይችላል።

አንባብያን ይህችን ልብ በሉ። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ ግማሹ 15 ግራም ያህል ስኳር አለው። ከወረደበት ሰው ጋር ከሆናችሁ እሱን ስጡትና 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙት። ከወጣ በኋላ ዳቦ ወይም ሌላ የሚቆይ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱበት፣ ያንቀዋል፤ ወደ ሐኪም ነው የሚሮጠው። በዚህ ሰዓት «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» የሚል ምክር ያለው ሰው ከመኪናው ይውረድልን!

ወዳጄ ነፍስ ሲገዛ መጀመሪያ ያለኝ ምን መሰላችሁ? «ለሷ እንዳትነግራት።»

አዲስ አበባ እንደተመለስን ሐኪሙ ዘንድ አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ በጣም ተቆጣ። ግሊበንክላማይድ በላህም አልበላህም ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጣ» እያለ ይገፋል፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ስኳሩ ወዴት ይሄዳል? ቁልቁል ነዋ! ሜትፎርሚን ለብቻው እንዲህ አያደርግም፤ ግሊበንክላማይድ የሚወስድና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ዱቄቱን ከመቀነሱ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። በገዛ እጅ መቀነስም መተውም አይቻልም። ወዳጄ የጠዋቱ መጠን ተቀነሰለትና «ኪኒኑን ምግቡ ፊትህ ሲቀርብ ብቻ ዋጥ» ተባለ። «ቁርስ አትብላ ያለህ የለም፤ ሌላ ቁርስ ብላ ነው» አለው ሐኪሙ። በሩን ስንከፍትም ደግሞ ጠርቶ «ከረሜላ ኪስህ ውስጥ ይኑር» አለ።

ሌላ ቁርስ? የት? እስቲ በሦስተኛው ጉዞ መንገዱን በአዲስ ዓይን እንየው።

ዱከም የሥጋ ቤቶች ከተማ ናት። ሥጋ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ አብሮት የሚመጣው እንጀራና ዳቦ ነው። ጥብስ ታዝዞ እንጀራውን ሩብ ማድረግ ይቻላል። ጥሬውን የምትወዱ የኮሶን ነገር እናንተው ታውቃላችሁ፤ እኔ አልገባበትም። ግን ንጋት ላይ ዱከም ቆሞ ጥብስ የሚያዝ ሰው ከኪሱ ጋር መማከር አለበት። ቢሾፍቱንም ዝም ብለን አለፍናት፤ ገና ዓይናችን አልተገለጠም ነበር።

ሞጆ ላይ ሾፌሩ እንደ ልማዱ አቆመ። እንቁላል አለ። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» አለች። ወዳጄ «ሦስት እንቁላል፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያ። ዳቦ አልፈልግም። ቡና ያለ ስኳር» አለ። «ዳቦ ከእንቁላሉ ጋር ነው የሚመጣው» አለች። «አታምጪው።» «ሒሳቡ አይቀንስም እኮ!» «ግድ የለም።» ሄደች፤ ተመለሰች፤ ሁለት ዳቦ ይዛ። ልማድ ነው። ያልታዘዘ ዳቦ ፊታችሁ ሲቀመጥ ደግሞ እጅ ሳያስቡት ይቆርሳል። ወዳጄ ግማሹን አስቀረ፣ የቀረውን ለእኔ ገፋው። አንድ እንቁላል ካርቦሃይድሬቱ አንድ ግራም አይሞላም፤ አንድ ሙሉ ዳቦ ግን 50 ግራም ይጠጋል። ልዩነቱን እዩት።

ስለ ሻይ ልንገራችሁ። ትንንሾቹ ቁርስ ቤቶች ስኳሩን ብርጭቆው ሥር አስቀድመው አድርገውት ነው ሻዩን የሚቀዱት። «ስኳር ይቀነስ» ማለት አይበቃም፤ ሳይቀዳ በፊት «ስኳር አታድርጊበት» ነው የሚባለው። ጁስም እንዲሁ። «አቮካዶ እኮ ፍሬ ነው» ብላችሁ ታዛላችሁ፤ መፍጫው ሳይዞር በፊት ካልደረሳችሁ ስኳሩ ገብቶበታል። አቮካዶን በሎሚ ብቻ የጠጣ ሰው ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም እስከ ምሳ ያቆየዋል።

ሞጆ ላይ ፉልም አይተናል። ፉል ባቄላ ነው፤ ካርቦሃይድሬት አለው፣ ግን አሠሩ ብዙ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው። ጉዱ ያለው አብረውት በሚመጡት ሁለት ዳቦዎች ነው። እኔ ራሴ ፉል በማንኪያ ስበላ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች እንደ ሕፃን አዩኝ። ይዩኝ!

ከአለምጤና በኋላ መቂ ነው። ግራና ቀኝ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ተደርድሯል። ይህ ሁሉ አትክልት እያለ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሰላጣ ለጠዋት የሚያዝ ሰው እንደ ጉድ ይታያል። ባቱ ላይ የሐይቁ ዓሣ አለ፤ ሾርባውም ጥብሱም። ብቻ አንዳንድ ቤት ዓሣውን ዱቄት ነክረው ስለሚጠብሱት ጠይቃችሁ እዘዙ። ወዳጄ እዚያ ስኳሩን ለካ። 151። አልጮኸም፤ ስልኩን ብቻ አውጥቶ ፎቶ አነሣው።

«ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆንስ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። እንቁላል የለ፣ አይብ የለ፤ ዓሣውን የሚበላም የማይበላም አለ፣ ያ የየራሱ ጉዳይ ነው። ያለ ዘይት ጨዋታ የማያውቁ ቤቶች ቢሆኑም ጎመን፣ አዚፋ፣ ወፈር ያለ ሽሮ ይገኛል፤ እንጀራውን አሳንሶ ወጡን ማብዛት ነው። ከቤት የተቀቀለ ሽምብራና ኦቾሎኒ ይዞ መውጣት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ካለ ግን ጉዳዩ የቁርስ ምርጫ አይደለም፤ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያነጋግር። በቡልቡላ መንገድ ያየሁትን አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

ኢንሱሊን የሚወጉ መንገደኞችም አንድ ነገር ስሙኝ። ከሞጆ በታች ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ፀሐዩ ይከካል። መድኃኒቱን ከሾፌሩ ፊት ባለው መስታወት ሥርም ሆነ ጣራ ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አታድርጉት። በእጅ ቦርሳ፣ እግር ሥር፣ ጥላ ባለበት ይሁን።

አርሲ ነገሌን በአረቄዋ ሽታ፣ ሻሸመኔን በግርግሯ አልፈን ሐዋሳ ገባን። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድን ማለት ነው። ማታውን ወዳጄ እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ጠዋት እጮኛውን ቁርስ ጋብዞ አሞራ ገደል ወሰዳት፤ እኔንም «አትለየኝ» ብሎ ጎተተኝ።

አሞራ ገደልን ያላየ ሐዋሳን አየሁ አይበል። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሌሊቱን ውኃ ላይ አድረው ጠዋት ጀልባቸውን ዳር ያስጠጋሉ። መረቡ ሲፈታ ቆሮሶው እንደ ብር ያብለጨልጫል። ልጆች ቁጢጥ ብለው ቅርፊቱን ሲፍቁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ እጃቸው አይታይም። አባ ኮዳዎቹ ያን ረዥም መንቆራቸውን ይዘው እንደ ተቆጣ ዳኛ ይንጎራደዳሉ፤ የተጣለ አንጀት አያመልጣቸውም። ዛፉ ላይ ጦጣ አለ፤ ዳቧችሁን ጠብቁ። (ጦጣው ዳቦውን ቢወስደው ለወዳጄ ውለታ ነው።) ከድንኳኖቹ ጭስ ይነሣል፤ ጠዋት በብርዱ ሰዓት የዓሣ ሾርባ በኩባያ፣ የሚያቃጥል፣ ቃሪያና ሎሚ ያለበት። ቀጥሎ ሙሉ ዓሣ ጥብስ፣ ዳጣ በጎኑ። ጥሬውን በሎሚና በዳጣ የሚበሉም አሉ፤ እኔ ግን ጥገኛ ትል ስለምፈራ እሳት የነካውን እመርጣለሁ። ስኳር ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ የመንገድ ዳር ቁርስ እኔ በሀገሩ አላየሁም።

ሾርባው ሳይመጣ በፊት ወዳጄ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። ቀለበት ሊያወጣ መስሏት ልጅቷ ቀላ አለች። ያወጣው መለኪያውን ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይሄ ምንድነው?» አለች። «ስኳር አለብኝ» አለ። ድምፁ ከውስጥ ነበር የሚመጣው።

ዝም አለች። እኔ ወደ አባ ኮዳዎቹ ዞርኩ። «ከመቼ ጀምሮ?» «ስምንት ወር።» «ስምንት ወር ሙሉ? እናቴ ጨጨብሳ እየደረደረች ስታበላህ ዝም ብለህ ትበላለህ?» «በሞቴ ስትለኝ ምን ልበል?» «አለብኝ በላ!» አለች፤ ጠረጴዛውን መታችው፤ ኩባያው ተንቀጠቀጠ። እኔማ የመለያያ ቀናቸው ነው ብዬ ነበር። ቆይታ «እስቲ አሳየኝ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች።

ጣቱን ወጋ። 118። ጠዋት በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ከሆነ ለእሱ ደህና ነው ብሎ አስረዳት፤ ኩራት ቢጤ ነበረበት። እሷም ጣቷን ዘረጋች። በአዲስ መርፌ ወጋት፤ «ኧረ ያማል!» ብላ ጮኸች፤ አስጋሪዎቹ ሁሉ ዞረው አዩን። 88።

ሾርባው መጣ። ዓሣውም መጣ። ዳቦውን አስተናጋጁ ሳይጠየቅ አምጥቶት ነበር፤ ልጅቷ መልሳ ሰጠችው። ወዳጄ ኪኒኑን ምግቡ ፊቱ ሲቀመጥ ዋጠ። አጥንቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ ደህና ነን። ስሚ፣ ለነገ ጠዋት ጨጨብሳውን ተዪው። እንቁላል በቃሪያ ሥሪ፤ አይብም ካለ።»

የእናትየው ድምፅ እኔ እስከተቀመጥኩበት ይሰማል። «ምነው ልጄ፣ በጨጨብሳዬ ምን ክፉ አገኛችሁበት?»